ከበሩ ማዕዘን አይጀመርም፦ የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ሴራሚክ አደራደር

ጥያቄ፦ «ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት እየሠራሁ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ብሎኬት ሲሆን ልስኑ ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ከልስን እስከ ልስን ርዝመቱ 2.40፣ ወርዱ 1.70 ሜትር ነው። ቸርኬ (ከወለል ሴራሚክ ሥር የሚፈሰው የሲሚንቶ ንጣፍ) ገና አልፈሰሰም፤ ከሻካራው ወለል ተነስቼ ስለካ የበሩ መቃን አናት 2.16፣ የመስኮቱ ግርጌ 1.56፣ አናቱ 2.16፣ ኮርኒሱ የሚመታበት ደግሞ 2.86 ሜትር ላይ ነው። በሩ 80 ሳንቲ ሲሆን በአጭሩ ግድግዳ ላይ ከግራው ማዕዘን 10 ሳንቲ ገባ ብሎ ነው ያለው። 60 በ60 መስኮቱ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ግድግዳው መሃል ላይ ነው። በሩንና መስኮቱን ቀንሼ ወደ 20 ካሬ ስለመጣልኝ 30 በ60 የሆነ የግድግዳ ሴራሚክ 14 ካርቶን ገዛሁ። ሠራተኛው ‹መጀመሪያ ወለሉን እንጨርስ፣ ከዚያ ከበሩ ማዕዘን ሙሉ ሴራሚክ ይዤ እሄዳለሁ፣ የቀረውን መጨረሻ ላይ እቆርጣለሁ› ይለኛል። እኔ ደግሞ ቆሻሻ እንዳይዝ ያለ ፉጋ (በሴራሚኮች መሃል ተትቶ የሚሞላው ክፍተት) አጋጥሞ ቢለጥፈው እመርጣለሁ። እንዲህ ይሁን?»

መልስ፦ እንዲህ አይሁን። ሠራተኛው የሚጀምርበት ቦታ ትክክል አይደለም፣ ያለ ፉጋ መለጠፉም አይሆንም፣ የገዙት ሴራሚክም አይበቃዎትም። ደግነቱ አንድም ካርቶን ሳይከፈት ጠይቀዋል፤ ክፍሉም ልኩ ከተጠበቀ በጣም ጥሩ ድርደራ ሊወጣው ይችላል።

ከልኬቱ እንነሳ። የሰጡኝ ቁመቶች በሙሉ ከሻካራው ወለል የተወሰዱ ናቸው። ሴራሚኩ ግን የሚቆመው ባለቀው ወለል ላይ ነው። ቸርኬው፣ ማጣበቂያውና የወለሉ ሴራሚክ አንድ ላይ በበሩ በኩል 8 ሳንቲ ይይዛሉ ብለን እናስላ። ይህን ሲቀንሱ የበሩ አናት 2.08፣ መስኮቱ ከ1.48 እስከ 2.08፣ ኮርኒሱ 2.78 ሜትር ላይ ይውላሉ። 8 ሳንቲ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ወለሉ ከበሩ ተነስቶ ሻወሩ ጥግ ወዳለው የውሃ ማፍሰሻ በየሜትሩ 1.5 ሳንቲ መውረድ አለበት፤ በ2.20 ሜትር ርቀት 3.3 ሳንቲ ይወርዳል። ማፍሰሻው ጋ የሚቀረው ውፍረት 4.7 ሳንቲ ነው፤ ሴራሚኩና ማጣበቂያው ሲነሱለት ቸርኬው 3 ሳንቲ ያህል ይሆናል። ከዚህ ከሳሳ ይሰነጠቃል። የኮሪደሩ ወለል ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል 2 ሳንቲ ከፍ እንዲልም ከአሁኑ ይወስኑ፤ አለዚያ ማፍሰሻው በተደፈነ ቀን ውሃው ሳሎን ይገባል።

የሠራተኛው ሐሳብ የሚበላሸው እዚህ ተዳፋት ላይ ነው። ከወለሉ ሙሉ ሴራሚክ ይዞ ከተነሳ ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው፦ ወይ ረድፉ ከወለሉ ጋር አብሮ ያዘነብላል፣ ወይ ረድፉን በውሃ ልክ ይጠብቅና ማፍሰሻው ጋ እስከ 3 ሳንቲ የሚደርስ ሽብልቅ የመሰለ ክፍት ቦታ ይቀርበታል። ያንን ክፍተት በሲሚንቶ ይሞሉታል፤ ብዙ ውሃ የሚያርፍበትም እሱ ነው። ከላይም አያምርም። ሙሉውን ከታች ካስቀመጠ ዘጠኙ ረድፍ 2.73 ሜትር ላይ ያልቅና ከኮርኒሱ በታች 5 ሳንቲ ቀጭን ቁራጭ ይቀራል። የሰባተኛው ረድፍ አናት 2.12 ላይ ስለሚውል ደግሞ ከበሩ በላይ 4 ሳንቲ ብቻ የሚተርፍ፣ ጥግ የተቀደደለት ሴራሚክ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ቅድ ከውስጥ ጥጉ ላይ ይሰነጠቃል፤ ሲቆረጥ ባይሰነጠቅ በሩ በኃይል ሲዘጋ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ የታችኛው ረድፍ ሙሉ አይሁን። በበሩ በኩል 26 ሳንቲ ተቆርጦ ይነሳ። ወለሉ ወደ ማፍሰሻው ሲወርድ ይኸው ረድፍ ቀስ በቀስ ይረዝምና እዚያ 29.3 ሳንቲ ይደርሳል፤ አሁንም ከ30 በታች ስለሆነ በአንድ ሴራሚክ ይሸፈናል። ከሱ በላይ ያለው ሁሉ ሙሉ ነው። ፉጋውን 3 ሚሊ ይዘን ስናሰላ የመጀመሪያው ረድፍ አናት 26.3፣ ከዚያ በየ30.3 ሳንቲው 56.6፣ 86.9፣ 117.2፣ 147.5፣ 177.8 እና 208.1 ላይ ይመጣል። አሁን በሩንና መስኮቱን ይመልከቱ። የበሩ አናት 208 ነው፤ ሰባተኛው ረድፍ ልክ እዚያ ያልቃል። መስኮቱ ከ148 እስከ 208 ነው፤ ስድስተኛውና ሰባተኛው ረድፍ ልክ እሱን ያህላሉ። አንድም ጥግ የሚቀደድ ሴራሚክ የለም። የታችኛውን ረድፍ 4 ሳንቲ በመቁረጥ ብቻ የተገኘ ነው።

ላይኛው ጫፍ ይቀራል። ዘጠነኛው ረድፍ 2.69 ላይ ሲያልቅ ኮርኒሱ 2.78 ላይ ነው፤ 9 ሳንቲ ይተርፋል። ይህን በቁራጭ መሙላት አልመክርም። ኮርኒሱ ገና ካልተመታ 10 ሳንቲ ዝቅ ያድርጉትና 2.68 ላይ ይምቱት፤ የመጨረሻው ረድፍ ጫፍ ከኮርኒሱ ጀርባ ይገባል፣ ፉጋም አያስፈልገውም። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ዝቅ ያለ ኮርኒስ የሻወሩን ሙቀት ይይዝልዎታል። ለመታጠቢያ ቤት ቺፑድ አይጠቀሙ፣ እንፋሎት ያሳብጠዋል፤ የፕላስቲክ ኮርኒስ ይሁን። ወጪ ለመቀነስ ከፈለጉ ደግሞ ስምንተኛው ረድፍ ላይ 2.38 ሜትር አቁመው ከሱ በላይ ውሃ የሚችል ቀለም መቀባት ይቻላል። ሻወሩ ያለበት ግድግዳ ግን እስከ ላይ ይሂድ።

ወደ አግድሙ እንምጣ። መለኪያው አንድ ነው፦ በሩ ሲከፈት ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ግድግዳ ማነው? በእርስዎ ክፍል መስኮቱ ያለበት፣ 1.70 ሜትር የሆነው የኋላ ግድግዳ ነው። ከማዕዘን ሙሉ ከተጀመረ 60፣ 60 እና 49 ሳንቲ ይሆናል፤ መጋጠሚያዎቹም ከመስኮቱ ጎን 5 ሳንቲ እያለፉ ስለሚውሉ በሁለቱም በኩል ቅድ ይፈልጋል። የግድግዳውን መሃል ይዘው መጋጠሚያውን መሃል ላይ ካዋሉት ደግሞ በዳርና ዳር 24.5 ሳንቲ ቁራጭ ይወጣና በረድፍ አራት ሴራሚክ ይበላል። ትክክለኛው ሙሉውን ሴራሚክ መሃል ላይ ማሳረፍ ነው፦ 54.7፣ 60፣ 54.7። በረድፍ ሦስት ብቻ ይበቃል፣ ሁለቱ ዳሮች እኩል ናቸው፣ መሃለኛው ሴራሚክም ከመስኮቱ ስፋት ጋር አንድ ሆኖ ከሱ በታችና በላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች ከኋላው ግድግዳ ቀጥለው ይለጠፋሉ። የኋላው ሴራሚክ ከማጣበቂያው ጋር 1.5 ሳንቲ ስለሚይዝ ርዝመታቸው 2.385 ሜትር ይሆናል። ከማዕዘን በሙሉ ቢጀመር ሦስት ሙሉና አንድ 57 ሳንቲ ይወጣል። ይህን የሚያይ ሠራተኛ ሁሉ «በቃ፣ ሙሉ ከሞላ ጎደል ነው» ብሎ ከማዕዘኑ ይጀምራል። እኔ ግን ሁለቱን ጫፎች እኩል ቆርጣችሁ 58.6፣ 60፣ 60፣ 58.6 አድርጉት እላለሁ። ምክንያቱ ማዕዘን ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ቤት ብርቅ መሆኑ ነው። ከታች እስከ ላይ 1 ሳንቲ ያዘመመ ማዕዘን ላይ ሙሉ ሴራሚክ ከተጣለ ሠራተኛው ሁለት ምርጫ ብቻ አለው፦ ከማዕዘኑ ጋር አብሮ ማዝመም ወይም ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ክፍተት መተው። በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ሳንቲ የመቁረጫ ፈቀቅታ ካለው ግን እያንዳንዱን ቁራጭ በማዕዘኑ ልክ ይቆርጠዋል፤ ጥፋቱ ለዓይን አይታይም።

የበሩ ግድግዳ መጨረሻ ላይ ይለጠፋል። ከበሩ በስተቀኝ ያለውን 80 ሳንቲ በሙሉና በ20 ሳንቲ ቁራጭ አይሙሉት፤ የጎኑ ሴራሚክ ውፍረት ሲቀነስ ሁለት እኩል 39 ሳንቲ ይወጣል። ከነዚህ የሚተርፈው 21 ሳንቲ ያህል ቁራጭ በበሩ ግራ ላለችው ጠባብ ቦታ ይበቃል፤ እሷ ሁሉም ነገር ሲቀነስ 8 ሳንቲ ናት። በሩ ሲከፈት ይህን ግድግዳ ስለሚሸፍነው ከዚህ በላይ አይጨነቁበት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በካሬ ማስላትዎ ስህተት አይደለም፤ ግን ሴራሚክ በካሬ ይሸጣል እንጂ በካሬ አይለጠፍም። ከ1ኛ እስከ 7ኛ ረድፍ በየረድፉ ኋላ 3፣ በጎኖቹ 8፣ በበሩ ግድግዳ 2፣ በጠቅላላው 13 ያስፈልጋል። ሰባት ረድፍ 91 ነው፤ መስኮቱ 2 ይቀንሳል፣ 89። ከበሩ በላይ ያሉት ሁለት ረድፎች 15፣ 15 ይበላሉ። ድምሩ 119። የመስኮቱ ውስጥ ጎንና ግርጌ 3 ይጨምራል፣ 122። ለስብራትና ለስህተት 10 በመቶ ሲታከል 134። የ30 በ60 ካርቶን አብዛኛውን ጊዜ 8 ፍሬ፣ ማለትም 1.44 ካሬ ይይዛል (የእርስዎን ካርቶን ጽሑፍ ያረጋግጡ)፤ ስለዚህ 17 ካርቶን ይፈልጋሉ። በእጅዎ ያለው 14፣ ማለትም 112 ፍሬ ነው። አንድም ሳይሰበር እንኳ አይበቃም።

ሦስቱን ካርቶን ዛሬውኑ ይግዙ፤ «ሲያልቅ እጨምራለሁ» አይበሉ። ካርቶኑ ጎን ላይ የቀለም ምድብና የመጠን ምድብ ቁጥር ታትሞ አለ። የሞዴሉ ስም አንድ ሆኖ ምድቡ ከተለየ ነጩ ወደ ክሬም ሊያደላ ይችላል፣ መጠኑም በ1 ሚሊ ሊለይ ይችላል። ሱቁ ያለውን ጨርሶ ከአዲስ አበባ እንደገና የሚያስመጣው ጭነት አባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ሲደርስ የሌላ ምድብ ሊሆን ይችላል። ሲረከቡም ካርቶኑን እዚያው ከፍተው ማዕዘኖቹን ይዩ፤ በጉዞ የሚነካው ማዕዘኑ ነው። ጫፉ የተፈረፈረውን ለመቆረጫ ያቆዩት። ሥራው ሲያልቅ ቢያንስ 6 ፍሬ አስቀምጡ፤ ቧንቧ የፈነዳ ቀን ሞዴሉ ገበያ ላይ አይገኝም።

ያለ ፉጋ ስለመለጠፍ። ቆሻሻ እንዳይዝ ብለው ማሰብዎ ይገባኛል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው። ሁለት ሴራሚክ ተጋጥሞ ቢለጠፍም በመሃሉ የፀጉር ያህል ክፍተት ይኖራል፤ ፉጋ አይገባበትም፣ ውሃና ሳሙና ግን ይገቡበታል። ጥቁር መስመር ሆኖ የሚቀረው ያ ነው፤ በብሩሽም አይወጣም። በተጨማሪ የግድግዳ ሴራሚክ እርስ በርሱ ልክ እኩል አይደለም፤ በየፍሬው የግማሽ ሚሊ ልዩነት ዘጠኝ ረድፍ ላይ ሲደርስ የመስመሩን መገጣጠም ያጠፋዋል። ልዩነቱን የሚውጠው ፉጋው ነው። ግድግዳው ሲሞቅና ሲበርድ መፈናፈኛ የሚሰጠውም እሱ ነው። ከ2 ሚሊ በታች አይውረዱ፤ ለእርስዎ ሴራሚክ 3 ሚሊ ይሁን። መስቀለኛ ማለያያ ፕላስቲክ በየጥጉ ይግባ፣ በዓይን ልክ አይሁን። ቆሻሻው ከከበደዎት መፍትሔው ቀለሙ ነው፦ ነጭ ሳይሆን ፈዘዝ ያለ ግራጫ ፉጋ ይምረጡ። ለ20 ካሬ 5 ኪሎ ይበቃል። ነጭ ሲሚንቶ በውሃ በጥብጦ መሙላት የተለመደ ቢሆንም ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ቶሎም ይቢጫል።

አንድ ቦታ ግን ፉጋ አይገባም፦ ግድግዳ ከግድግዳ የሚገናኝበት ውስጠኛ ማዕዘንና ግድግዳው ከወለሉ የሚገናኝበት መስመር። እዚያ 3 ሚሊ ክፍት ይተውና ሻጋታ የሚቋቋም ሲልከን ይሞላ። ሁለት ግድግዳ አንድ ላይ አይንቀሳቀስም፤ ማዕዘን ላይ የተሞላ ፉጋ መሰንጠቁ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ልኬት የሚይዘው ግድግዳው ልክ ከሆነ ነው። ሦስት ነገር ይፈትሹ። የወለሉን ሁለት ሰያፍ (ከማዕዘን እስከ ትይዩ ማዕዘን) ይለኩ፤ 2.40 በ1.70 የሆነ ክፍል ማዕዘኖቹ ትክክል ከሆኑ ሁለቱም ሰያፎች 2.94 ሜትር ይመጣሉ። በየማዕዘኑ ቱምቢ (በክር የተንጠለጠለ ክብደት) ይጣሉ። ከዚያ ባለ 2 ሜትር ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ግድግዳው ላይ በቁምም በአግድምም እያስጠጉ በሥሩ ብርሃን የሚያልፍበትን ይፈልጉ፤ ከ3 ሚሊ በላይ ጎድጓዳ ወይም እብጠት ካለ ልስኑ ይታረም። በማጣበቂያ አደልባለሁ የሚል ሠራተኛ እሺ አይበሉት። ከ1 ሳንቲ በላይ የተቆለለ ማጣበቂያ ሲደርቅ ይኮማተርና ሴራሚኩን ከመስመሩ ይስበዋል።

ልስኑ ሦስት ሳምንት ሆኖታል ብለዋል፤ አንድ ሳምንት ይጨምሩለት፣ በክረምት ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። እርጥብ ልስን ሲደርቅ ይኮማተራል። ብሎኬቱ ከኮለኑ (ከኮንክሪት ምሰሶው) ጋር የሚገናኝበትን መስመር በተለይ ይመርምሩ። በምሥራቅ ጎጃም ብዙው ሜዳ፣ ከደጀን እስከ ቢቸና ያለው፣ ዋልካ ነው፤ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ የቆመ ቤት መሠረቱ በደንብ ካልወረደ በየዓመቱ ይላወሳል፤ የመጀመሪያው ስንጥቅ የሚታየውም ኮለንና ብሎኬት መገናኛ ላይ ነው። በዚያ መስመር ላይ የፀጉር ስንጥቅ ካለ ልስኑን 15 ሳንቲ በግራና በቀኝ አንስተው የዶሮ ሽቦ ዘርግተው እንደገና ያስለስኑ። ስንጥቁ ሳንቲም የሚያስገባ ከሆነ ሴራሚክ አይለጥፉበት፤ አንድ ክረምት ይለፈውና መቆሙ ይታይ። ሴራሚክ ግድግዳን አያጠነክርም፣ ስንጥቁን ያሳያል እንጂ።

ሌሎች አንባቢያን ስለሚጠይቁ፦ በጭቃ የተመረገ የእንጨት ግድግዳ ላይ በሲሚንቶ ለስኖ ሴራሚክ መለጠፍ አይሆንም። ጭቃው እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ልስኑን ከነሴራሚኩ ገፍቶ ይጥለዋል። የጭቃ ቤት ውስጥ መታጠቢያ የሚፈልግ ከውስጥ በኩል ለብቻው የቆመ የብሎኬት ግድግዳ ይሥራ። ጄሶ ወይም ቀለም የተቀባ ግድግዳም እስከ ሲሚንቶው ካልተፋቀ አይያዝም።

የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሥራው ከድርደራው በፊት ይለቅ፤ ልኬቱም ከልስኑ ሳይሆን ካለቀው የሴራሚክ ፊት ይወሰድ። የሻወሩ ሚክሰር ሁለት ቀዳዳዎች ከፉጋ መስመር ቢያንስ 4 ሳንቲ ይራቁ። በእርስዎ ድርደራ አራተኛው ረድፍ ከ87 እስከ 117 ስለሆነ ሚክሰሩን 1.05 ሜትር ላይ ቢያደርጉት በሁለቱም በኩል በቂ ርቀት ይኖረዋል። ጠርዝ ላይ የተቆረጠ ቀዳዳ ቁራጩን ይሰብራል። የቧንቧው ጫፍ ከሴራሚኩ ፊት ጋር እኩል ይውጣ፤ 1.5 ሳንቲ ወደ ውስጥ ከቀረ ማስረዘሚያ ይገባበታል፣ እያንዳንዱ ማስረዘሚያ ደግሞ ከግድግዳ ውስጥ የሚያፈስ ተጨማሪ መገጣጠሚያ ነው። የእጅ መታጠቢያው ከንፈር 85 ሳንቲ ላይ ቢሆን ሦስተኛው ፉጋ ከሱ በላይ 2 ሳንቲ ብቻ ከፍ ብሎ ያልፋል፣ ንጹሕ ይመስላል። የመጸዳጃ መቀመጫው ርቀት ከልስን ከተለካ ሴራሚኩ ሲመጣ ወንበሩ አይገባም፤ ይህን ለቧንቧ ሠራተኛው ደግመው ይንገሩት።

ቦይለር የሚሰቅሉ ከሆነ ቦታው ዛሬ ይወሰን። ባለ 50 ሊትር ቦይለር ውሃው ብቻ 50 ኪሎ ነው። ሴራሚኩም ሆነ ክፍቱ ብሎኬት አይሸከመውም፤ ቡሎኑ ኮለን ላይ ወይም አስቀድሞ ኮንክሪት በተሞላ ብሎኬት ላይ ይግባ። ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ቦታ መፈለግ ሦስት አራት ፍሬ ማበላሸት ነው።

ከዚህ በኋላ ድርደራውን ግድግዳው ላይ ያወጡታል። የመጀመሪያው መሣሪያ የልክ ዱላ ነው፦ 2.75 ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት። ከካርቶኖቹ አምስት ስድስት ሴራሚክ አውጥተው መሬት ላይ ማለያያ እያስገቡ ይደርድሩ፣ ዱላውን ያስጠጉና እያንዳንዱን ጫፍ በእርሳስ ያስምሩ፤ ዱላውን እየገፉ እስከ ዘጠኝ ረድፍ ይቀጥሉ። በሌላኛው ፊቱ ላይ የ60ውን ምልክት እንዲሁ ያድርጉ። ይህን የምለው 30 በ60 የተባለው ሴራሚክ ሲለካ 29.8 በ59.8 ሊሆን ስለሚችል ነው፤ 2 ሚሊ በዘጠኝ ረድፍ 1.8 ሳንቲ ይሆናል፣ ያኔ ከላይ የሰጠሁት ቁጥር ሁሉ ይቀየራል። ዱላው ግን በእጅዎ ያለውን ሴራሚክ ስለሚለካ አይሳሳትም። ዱላውን ግድግዳው ላይ አቁመው ሰባተኛውን ምልክት ከበሩ አናት ጋር ካጋጠሙት ካለቀው ወለል ከፍታ እስከ መጀመሪያው ምልክት ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ቁመት ነው።

ውሃ የሞላ ግልጽ ጎማ ይዘው ካለቀው ወለል 1 ሜትር፣ ማለትም በበሩ በኩል ከሻካራው 1.08 ከፍታ ላይ በአራቱም ግድግዳ መስመር ያዙሩ። መስመሩ ዞሮ ሲመጣ ከመነሻው ጋር በትክክል መገናኘት አለበት። ከዚህ መስመር 73.4 ሳንቲ ወደ ታች ሲለካ የሁለተኛው ረድፍ ግርጌ ነው። እዚያ ላይ ቀጥ ያለ ሞራሌ (ሴራሚኩን የሚደግፍ እንጨት) በአግድም ይመታ። መለጠፍ የሚጀመረው በሞራሌው ላይ፣ ከሁለተኛው ረድፍ ነው። የኋላው ግድግዳ መሃል ላይ ቱምቢ ጥለው የቁም መስመር ያስምሩ፤ ከዚያ 30 ሳንቲ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የመሃለኛው ሴራሚክ ጠርዝ ነው። ሞራሌው ሴራሚኩ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፣ ከረድፍ ረድፍ ስህተት እንዳይወርስም ያደርጋል።

ስለዚህ ወለሉ መጀመሪያ ነው ወይስ ግድግዳው? ግድግዳው ከሁለተኛው ረድፍ ወደ ላይ ይለቅ፣ ከዚያ ወለሉ፣ መጨረሻ ላይ የታችኛው ረድፍ እየተለካ በተዳፋቱ ልክ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ይቁም። እንዲህ ሲሆን ከግድግዳ የሚወርደው ውሃ ወለሉ ላይ ያርፋል እንጂ በመገናኛው አይገባም፤ የወለሉ ሴራሚክም መዶሻና ማጣበቂያ ሲወድቅበት አይሰነብትም። ለወለሉ 30 በ30 የማያንሸራትት ቢመርጡ በየሁለት ፍሬው ከግድግዳው ፉጋ ጋር ይቀራረባል፤ 60 በ60 ወደ ማፍሰሻ ማዘንበል ያስቸግራል።

ሴራሚክና ፉጋ ውሃ አያግዱም። ከመለጠፉ በፊት የሻወሩ ሁለት ግድግዳዎች እስከ 2 ሜትር፣ ወለሉ ደግሞ ሙሉ በሙሉና በየግድግዳው 10 ሳንቲ ወደ ላይ እየወጣ ውሃ የሚከላከል የሲሚንቶ ቅብ ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አቋርጦ ይሂድ።

ለማጣበቂያው ከፋብሪካ የተዘጋጀውን ይጠቀሙ፤ በካሬ 5 ኪሎ ያህል ስለሚፈጅ ባለ 25 ኪሎ 5 ከረጢት ይያዙ። ባለ 8 ወይም 10 ሚሊ ጥርስ ማንኪያ ግድግዳው ላይ በአንድ አቅጣጫ ይሰመር። ሴራሚኩን ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ለሲሚንቶ ቅልቅል ነው፤ ለተዘጋጀ ማጣበቂያ ከተዘፈዘፈ አይይዝም፣ የጀርባውን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። የሴራሚኩን ዓይነት ለመለየት ጀርባው ላይ ውሃ ጠብ ያድርጉ፤ ወዲያው ከጠጣው ተራ የግድግዳ ሴራሚክ ነው፣ ጠብታው እንደ ቆመ ከቀረ ፖርስሊን ነው፣ ፖርስሊን ደግሞ በተራ ሲሚንቶ አይያዝም። በአራት ጥግና በመሃል አምስት ቦታ ጉብ ጉብ አድርጎ የመለጠፍ ልማድ ይቅር፤ ከጀርባው ባዶ የሆነ ሴራሚክ ሲነካ ይጮኻል፣ ቢስማር ሲመታበትም ይሰበራል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ፍሬ ከለጠፉ በኋላ አንዱን ወዲያው ነቅለው ጀርባውን ይዩት፤ ማጣበቂያው ሙሉ ፊቱን ካልነካ ሠራተኛው አሠራሩን ያርም።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። ሠራተኛው ከበሩ ማዕዘን እንዳይጀምር ይከልክሉት፤ ሞራሌው ሳይመታ፣ የኋላው ግድግዳ መሃል ሳይሰመር አንድም ሴራሚክ አይለጠፍ። ሦስቱን ካርቶን በእጅዎ ካለው ጋር ከአንድ ምድብ ይጨምሩ፣ ኮርኒሱን ወደ 2.68 ያውርዱ፣ ፉጋውን 3 ሚሊ ያድርጉ። መለጠፉ ባለቀ በ24 ሰዓቱ ፉጋው ይሞላ፤ ሻወሩ ደግሞ ፉጋው ከተሞላ ሳምንት ሳይሆነው አይከፈት።